መንገዱን ማን ለምን ሠራው?

የብስክሌት ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም እኔ ከምኖርበት ከሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከሜውዝ ወንዝ ሸለቆ ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ የብዙዎቻችሁን ጥያቄ ስለጠየቀች አብዛኛውን ቦታ ለእርሷ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ብራስልስ ነው፤ ነርስ ነኝ። ባለፈው ዓመት ግራቭል የሚባለውን፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራውን ብስክሌት ከሰው እጅ ገዛሁ። በሐምሌ ሁለት ቀን ዕረፍት አገኘሁና እስከ ቤልጅየሟ ዲናን ከተማ በባቡር ሄጄ፣ ከዚያ ወንዙን ይዤ ወደ ፈረንሳይ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ውብ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ በሙሉ አስፋልት ነው፣ ልጅ የያዘ ቤተሰብም ሞልቶበታል። በሁለተኛው ቀን ሞንቴርሜ ከሚባለው ከተማ ተነሥቼ ስልኬ ያሳየኝን የጫካ መስመር ተከተልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ጭቃና ሥራሥር ሆነ፤ ብስክሌቱን ተሸክሜ የወደቀ ግንድ ተሻገርኩ። በመጨረሻ ሰንሰለት የተዘረጋበት ቦታ ደረስኩና አንድ ሰው ተቆጥቶ መለሰኝ። ጎማዬን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ነፍቼው ስለነበር እጄ ለሦስት ቀን ሲደነዝዝ ሰነበተ። ጸጥ ያለ የጠጠር መንገድ እንዴት ነው የሚገኘው? ለብቻዋ ለምትጓዝ ሐበሻ ሴትስ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግንድ የተሻገርሽበትን አካባቢ የማውቀው ይመስለኛል፤ እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እዚያው ጫካ ውስጥ ግማሽ ቀን ጠፍቼበታለሁ። ስለዚህ ብስክሌቱን ለመሸጥ አትቸኩዪ።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ሜዳ ናትና ብስክሌት የማይነዳ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም፤ አስፋልቱ ሲሰለቸን ወደ ደቻቱ እንወርዳለን። ደቻቱ ከደጋ ደራሽ ካልመጣበት በቀር አሸዋና ጠጠር የተኛበት ደረቅ ወንዝ ነው። አሸዋው ላይ ጎማው ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ላይ ይዘላል፣ እኛም እንወድቃለን። አንድ ቀን አባቴ ተላልጠን ሲያየን ወደ ሐዲዱ ዳር ወሰደንና ሠራተኞች የሚመላለሱበትን የጥርጊያ መንገድ አሳየን። «መንገድ ስታዩ መጀመሪያ ማን ለምን ሠራው በሉ» አለን። «ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ ከሐዲድ ጎን ያለ መንገድ ጉልበት አይጨርስም። መሣሪያ የሚገፋበት ስለሆነም ጠጠሩ ተደልድሏል።»

ከድሬዳዋ ወጥቼ በሜውዝ ሸለቆ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራሁ፤ በየቅዳሜው ብስክሌቴን ይዤ የምወጣው ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው። አንቺም ጥያቄውን ይዘሽ ወደ ሸለቆው ብትመለሺ ያየሻቸው መንገዶች በሦስት ይከፈሉልሻል።

በመጀመሪያው ቀን የነዳሽበት የወንዝ ዳር መንገድ ፈረሶች ጭነት ጀልባ የሚጎትቱበት ነበር። ጀልባ የሚጎትት ፈረስ ዳገት ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ መንገዱ ውኃውን ተከትሎ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ዛሬ ትራንስ-አርደን የሚባል ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተከለለ መንገድ ነው። ከሻርልቪል-ሜዚዬር እስከ ዢቬ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አሞራ ቢበረው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚበረው። ምክንያቱም ሜውዝ ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ እየሰነጠቀ ሲያልፍ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በሞንቴርሜ፣ በረቫንና በፉሜ ከተሞቹን ከብቦ ሊገናኝ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዞራል። አስፋልት በመሆኑ አትናቂው። በሚያዝያ በማለዳ፣ ጉሙ ከውኃው ላይ ሳይነሣ ብትመጪ ከሽመላ በቀር የሚያይሽ የለም። ሐምሌና ነሐሴ የቤተሰብ ወራት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ቅድሚያው የእግረኛና የሕፃናት ነው፣ ቀስ ብሎ ማለፍ ግዴታችን ነው።

ሁለተኛው ለግንድ ማመላለሻ የተሠራው የደን መንገድ ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ይህንን ነው። አርደን የሚባለው የዚህ አካባቢ ኮረብታ ከወንዙ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከላይ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ በኦክ፣ በበርችና በጥድ ዛፍ ተሸፍኗል። ያንን እንጨት ለማውረድ መንግሥትና የየመንደሩ ማዘጋጃ ቤቶች የጠጠር መንገድ ሠርተዋል። ግንድ የጫነ ከባድ መኪና እንዲያልፍ ተብሎ ስለተሠራ ከሥሩ የተፈጨ ድንጋይ ተደልድሎበታል፣ ኩርባው ሰፊ ነው፣ ዳገቱም በድንገት አይሾልም። መኪና ጭኖ የሚወጣውን ዳገት በትንሹ ማርሽ ቀስ ብለሽ ታሸንፊዋለሽ። መግቢያው ላይ የብረት ማገጃ ብታይ አትደንግጪ፤ ብዙውን ጊዜ የተተከለው መኪና እንዳይገባ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ወርጄ ሰሌዳውን አነባለሁ። በሥራ ቀን የጭነት መኪና ስላለ ጆሮሽን ክፈቺ፤ የተከመረ ግንድ ላይ ወጥተሽ አትቀመጪ፣ ይንሸራተታል።

ሦስተኛው ለእግር ብቻ የተሠራው ቀጭን መንገድ ነው፤ ስልክሽ የወሰደሽ ወደዚህኛው ነው። ፉሜ ውስጥ የጣራ ክዳን የሚሆነውን ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ሥር ያወጡ የነበሩ ሰዎች በአቋራጭ ወደ ሥራቸው የሚወርዱባቸው መንገዶች አሉ፤ የመጨረሻው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘግቷል። የእኛ ማቅለጫ ሠራተኞችም ከላይኛው መንደር ቀጥ ብለው የሚወርዱበት አቋራጭ ነበራቸው፤ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ አንድ ማታ ከሥራ ስንወጣ አሳየኝና እየጠቆመ ማን የማን ልጅ በዚያ ይመላለስ እንደነበር ነገረኝ። ለመቸኮል የተሠራ የእግር መንገድ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ነው የሚገጥመው። ያ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በእግር ሂጂበት፤ በብስክሌት ግን ተዪው። ስልኩ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ዓይነት መስመር ስለሚያሳይሽ ልዩነቱን አይነግርሽም።

የሚነግርሽ ካርታ ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ካርታ ድርጅት የሚያወጣውን አንድ ለ25,000 ካርታ በወረቀትም በኢንተርኔትም ታገኚዋለሽ። በካርታው ላይ ጥንድ መስመር መኪና የሚያስኬድ መንገድ ነው፣ አንድ ያልተቋረጠ ቀጭን መስመር የጋሪና የትራክተር መንገድ ነው፣ የተቆራረጠው ደግሞ የእግር መንገድ ነው። ማታ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የከፍታ መስመሮች በጣቴ እከተላለሁ፤ መንገዱ የከፍታ መስመሮቹን እያገደመ በቀስታ ከወጣ ደስ ይለኛል፣ ቀጥ ብሎ ከቆረጣቸው እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ እመለከታለሁ፤ ነጭ ሆኖ ከታየኝ ጠጠር አለው፣ አረንጓዴ ከሆነ ሣር ውጦታል።

ስትመለሺ ይህንን ሞክሪ። ሞንቴርሜ አጠገብ ከባቡር ውረጂ። ከተማዋን አልፈሽ ወደ ሌ ኦ-ቡቴ መንደር በደን መንገዱ ውጪ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅብሽ ምንም አይደለም። ከላይ ከደረስሽ በኋላ በጠፍጣፋው ጫካ ወደ ረቫን አቅጣጫ ስትሄጂ ማኒዝ የሚባል ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ በሰኔ 1944 እ.ኤ.አ. የጀርመን ወታደሮች ማርከው የረሸኗቸው የ106 አርበኞች መታሰቢያ አለ። እኔ ሁልጊዜ ከብስክሌቴ ወርጄ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፤ አብዛኞቹ ከወንዙ ዳር ከተሞች የወጡ ወጣቶች ነበሩ፣ ያ ጫካም መሸሸጊያቸው ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ ረቫን ትወርጃለሽ። በሙሉ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለአንድ ቀን ግን ይበቃል፣ ለፎቶግራፍና ለምሳም ጊዜ ይተርፋል። ከደከመሽ ረቫን ጣቢያ ገብተሽ የክልሉን ባቡር ትይዣለሽ። የሻርልቪልና የዢቬ የባቡር መስመር ወንዙን ተከትሎ በየከተማው ስለሚቆም ነው ይህንን ሸለቆ ለጀማሪ የምመርጠው። ሽቅብ በርትተሽ ውጪ፤ መመለሻሽ ከታች ይጠብቅሻል።

የተቆጣሽን ሰው በተመለከተ፣ መቆጣቱ ቢያሳዝንም ሰሌዳ ተክሎ ከነበረ መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ መሠረት የግል መሆኑ በሰሌዳ የተገለጸ ጫካ ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት በገንዘብ ያስቀጣል። የመንደሩ ንብረት የሆነው የገጠር መንገድ ግን የሕዝብ ነው። ከዚህ ይበልጥ የምፈራልሽ አደንን ነው። ከመስከረም አንሥቶ እስከ የካቲት ድረስ በአርደን ጫካዎች ከርከሮ ይታደናል፤ በተለይ በቅዳሜና እሑድ። «አደን ላይ ነን» የሚል ሰሌዳ ካየሽ መንገዱ የማንም ይሁን ተመለሺና በወንዙ ዳር ንጂ። በእነዚያ ወራት ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሳልለብስ ከቤት አልወጣም።

ጎማሽን በሚመለከት በቂ አየር ማለት ብዙ አየር ማለት አይደለም። የጠነከረ ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር እየነጠረ ይወጣዋል፤ ንጥረቱም በመሪው በኩል መጥቶ እጅሽ ላይ ያርፋል፣ መደንዘዙ የመጣው ከዚያ ነው። ለስለስ ያለው ጎማ ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፣ መሬትም ይቆነጥጣል። ክብደትሽ 60 ኪሎ ገደማ፣ ጎማሽም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ ከ2 እስከ 2.5 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞክሪ፤ የኋላው ከፊተኛው ትንሽ ይጠንክር። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ ግን አትለፊ። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ በጣም ካላላሽው ድንጋይ ሲመታው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል፤ ስለዚህ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማና ትንሽ መንፊያ ኮርቻሽ ሥር እሠሪ፤ መቀየሩንም ጫካ ከመግባትሽ በፊት ቤትሽ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመጂ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ለብቻሽ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን «ምንም አያጋጥምሽም» ብዬ አልዋሽሽም። እኔ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ባለፍኩባቸው ዓመታት አፍጥጦ ያየኝ ሰው ነበር፤ ውኃ ቀድቶ፣ ወንበር አውጥቶ ያስቀመጠኝ ግን እጅግ ይበልጣል። በፈረንሳይ ገጠር ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ቀድመሽ «ቦንዡር» በይ፣ ከብስክሌት ወርደሽ መንገድ ጠይቂ፤ አብዛኛው ፊት ወዲያው ይፈታል። ልቦናሽ ያልወደደው ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ ጨዋነት አይያዝሽ፣ ተነሥተሽ ሂጂ። የምትሄጂበትን መስመርና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ላኪለት። በሸለቆው እጥፋት ውስጥ ስልክ ይጠፋል፤ ከፍ ያለ ቦታ ሲደርስ ይመለሳል፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩም 112 ነው። ማታ ስትታጠቢ ጉልበትሽን ከኋላ በኩልና ብብትሽን ተመልከቺ፤ የአርደን መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ ነርስ ስለሆንሽ ቀሪውን ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ በሐረር ከተማ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 66 ዓመቴ ነው። ልጄ ፓሪስ ስላለች በመጪው ግንቦት ልጠይቃት እሄዳለሁ። ዕድሜ ልኬን በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም «ራምቦ ቤት» በምንለው ቤት ደጃፍ ስመላለስ ኖሬ የሰውየውን አገር ሳላይ መመለስ አልፈልግም። በወጣትነቴ ብስክሌት እነዳ ነበር። በእኔ ጉልበት በብስክሌት የሚታይ ነገር ይኖራል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ደብዳቤዎ ልቤን ነክቶታል። ሐረርና ድሬዳዋ ጎረቤት ናቸው፤ አርተር ራምቦ የተወለደባት ከተማ ደግሞ ዛሬ የእኔ ከተማ ናት። ይምጡ፤ ጉልበትዎ ይበቃል።

ከፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ ሻርልቪል በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ብስክሌት ይከራዩ፤ ሞተሩ የሚያግዘው እርስዎ ፔዳሉን ሲረግጡ ብቻ ስለሆነ መንዳቱን አይቀማዎትም። እ.ኤ.አ. በ1606 ከተማዋ ስትቆረቆር ከታቀደው ከዱካል አደባባይ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ውኃው ላይ የቆመ አሮጌ ወፍጮ ቤት ያገኛሉ፣ የራምቦ ሙዚየም እርሱ ነው። በልጅነቱ የኖረበት ቤትም እዚያው ወንዝ ዳር ነው። መቃብሩ ከተማው ውስጥ ነው፤ በ37 ዓመቱ ማርሴይ ላይ ሞቶ አስከሬኑ ወደዚህ መጣ።

ከከተማዋ ወደ ደቡብ ደግሞ ሜውዝን ከኤን ወንዝ ጋር የሚያገናኘው የአርደን ቦይ አለ። ከፖንታ-ባር ጀምሮ በቦዩ ዳር ለብስክሌት የተከለለ መንገድ አለ፤ እንደ አባቴ አባባል ጀልባ ለመጎተት የተሠራ ስለሆነ ዳገት የለውም። ቦዩ ወደ ኤን ሸለቆ ሲወርድ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ከሃያ በላይ የውኃ በሮች ያጋጥምዎታል፤ የአንዱን በር ሥራ ቆመው ይመልከቱ። ከአቲኚ ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ሮሽ የምትባል መንደር አለች፤ የራምቦ እናት እርሻ የነበረው እዚያ ነው። ቤቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈርሷል፤ የሚያዩት ሰፊ እርሻና ጸጥታ ብቻ ነው። ቢሆንም ሄደው ይዩት እላለሁ። ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ስለ ቡናውና ስለ ቆዳው ንግድ፣ ስለ ድካሙ የጻፋቸው፣ ይደርሱ የነበሩት እናቱ ወዳለችበት ወደዚያች መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከሐረር በቃሬዛ ተሸክመውት ዘይላ ወደብ አደረሱት፤ እግሩ ማርሴይ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ያህል የቆየው እዚያው ሮሽ ነበር። ያ ሰው በዚያ ክረምት ምን እንደታየው የሐረር ሰው ሆነው ሲቆሙበት ይሰማዎታል ብዬ አምናለሁ። በሁለት ቀን ከፍለው ይንዱት፤ አይቸኩሉ። ከፈቀዱልኝም እኔ አብሬዎት እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሊዮን የምኖር ወጣት ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በነሐሴ አራት ቀን በሜውዝ ሸለቆ ልንነዳ አስበናል፤ ነገር ግን ፍልሰታን እጾማለሁ። በየመንደሩ ካም፣ አይብና ቅቤ ብቻ እንዳይሆንብኝ ሰግቻለሁ።

መልስ፦ ስጋትህ ልክ ነው። የአርደን ምግብ በአሳማ ሥብና በቅቤ የተሠራ ነው፤ ድንቹ እንኳ በሥብ ነው የሚበስለው። ብዙ መንደር ሱቅም የለውም፤ ዳቦ ቤት ካለውም ሰኞ የሚዘጋው ብዙ ነው። ስለዚህ ስንቅህን ከቤትህ ይዘህ ና። ለብስክሌት ጉዞ ከበሶ የሚሻል ምግብ አላውቅም፤ ይህንን የምለው በሱቅ የሚሸጠውንም ጣፋጭ ሁሉ ሞክሬ ነው። በሶውን በውኃና በጥቂት ጨው፣ ብትፈልግ በኑግ ዘይት ለውሰህ፣ በመዳፍህ ጭብጦ አድርገህ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው። ሁለት ጭብጦ ዳገቱን ያስወጣሃል። ኪስህ ውስጥ ደግሞ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይሁን። ትልልቆቹ ከተሞች ፉሜና ረቫን ውስጥ ቴምር፣ ሙዝ፣ የታሸገ ባቄላና ዘይት ብቻ ያለበት ዳቦ ታገኛለህ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ጠዋት አትንዳ። ጠዋቱን በጥላ ሥር አሳልፈው፣ ከቀመስክ በኋላ ተነሣ፤ በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ሙሉ ብርሃን አለህ፣ የወንዙ ዳርም የሚያምረው ያን ጊዜ ነው። ውኃን በተመለከተ ከመነሣትህ በፊት የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ በሙቀት ሳይጠጡ መንዳት ሰው ይጥላል። ጠርሙስህን የምትሞላው መቃብር ቦታ ነው። በፈረንሳይ መንደር የመቃብር ሥፍራ አበባ ለማጠጣት የተዘረጋ ቧንቧ አይጠፋም፤ «አይጠጣም» የሚል ሰሌዳ ከሌለው ቅዳ። ስትገባ ከብስክሌትህ ውረድ፣ በሩንም ስትወጣ መልሰህ ዝጋው።